የሳሎን መብራት የሚበቃው ሌንስ

በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ሕይወት፣ በተለይም በብርድ ወራት፣ አብዛኛው የሚያልፈው በመብራት ነው። ቡናው የሚፈላው ሰው ከሥራ ሲገባ ነው፤ ልጆች የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ከመሸ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ያለበት አባት ከቤተሰቡ ጋር ገበታ የሚቀርበውም ሊወጣ ሲል ነው። በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን፣ በፈረንጆች ታኅሣሥ 21 ገደማ፣ በዴንቨር ፀሐይ የምትታየው ለ9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር 10 ሰዓት ከ40 ሲሆን ትጠልቃለች። ለምድር ወገብ በቀረበችው በአዲስ አበባ ግን የዓመቱ አጭር ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል አያንስም። በአገር ቤት በደጃፍና በበረንዳ ብርሃን ይነሣ የነበረው የቤተሰብ ፎቶግራፍ በኮሎራዶ ወደ ሳሎን ገብቷል።

ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደ ሌንስ ደግሞ ለሳሎን አልተሠራም። ልጁ ሲስቅ ራሱን ካነቃነቀ ፊቱ ይደበዝዛል፤ ሲኒ የምታቀርበው እናት እጅ ጭስ ይመስላል። ፍላሽ ቢበራ ፊት ይነጣል፤ ጥላ ከግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በረከቦቱ ዙሪያ የነበረው ለስላሳ ብርሃንም እንዳልነበረ ይሆናል። ለዚህ ችግር ፎቶ አንሺዎች ከሚያውቋቸው መፍትሔዎች ሁሉ በዋጋ ዝቅተኛው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የኦፕቲክስ ንድፍ ላይ የተመሠረተ አንድ ትንሽ ሌንስ ነው።

ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ቋሚ የትኩረት ርቀት አለው። ዙም አያደርግም፤ ምስሉን ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው ራሱ መቅረብ አለበት። እንዲህ ያለው በእንግሊዝኛ ስሙ «ፕራይም ሌንስ» ሲባል፣ ርካሹን ሃምሳ ደግሞ ፎቶ አንሺዎች «ኒፍቲ ፊፍቲ» ብለው ይጠሩታል። የካኖን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው የፕላስቲክ ሃምሳ 130 ግራም ብቻ የሚመዝን ነበር፤ በ2015 የተካው አዲሱ ዓይነት በ125 ዶላር ለገበያ ቀረበ፤ መስታወት ለሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች በ2020 ይፋ የሆነው ደግሞ 200 ዶላር ገደማ ነበር። ኒኮንም የራሱ አለው። ያገለገለ ሲገዛ ዋጋው ከዚህም ይወርዳል፤ በፎቶግራፍ መሣሪያ ገበያ ሌንሶች በሺህ ዶላሮች እንደሚሸጡ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንደ ስጦታ የሚቆጠር ዋጋ ነው።

የዚህ ሌንስ ጥቅም በስሙ ላይ ከተጻፈችው «ኤፍ 1.8» ከምትባል ቁጥር ይጀምራል። ቁጥሯ የምትነግረን የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለብርሃን መግቢያው ስፋት ሲካፈል የሚገኘውን ነው። ስለዚህ 50 ሚሊ ሜትር ለ1.8 ሲካፈል የመግቢያው ስፋት ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከካሜራ ጋር የሚሸጠው ዙም ሌንስ ግን ወደ ፊት በተሳበ ጊዜ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው፤ በ50 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሆን መግቢያው ከ9 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ብርሃን የሚገባው በቀዳዳው ዳር ሳይሆን በመላ ስፋቱ ስለሆነ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ መስሎ ቢታይም በእርግጥ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ነው። ኤፍ የተባለው ቁጥር ሲያንስ ብርሃኑ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጀማሪዎችን ዘወትር የሚያደናግረውም ይኸው ነው።

አሥር እጥፍ ብርሃን በሳሎን ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። ደመና በሌለው ቀትር ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል፤ የተለመደ የመኖሪያ ቤት መብራት ግን 100 ሉክስ አካባቢ ነው፤ ይኸውም የሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። የሰው ዓይን ራሱን ስለሚያለማምድ ይህን አይታዘበውም፤ ካሜራ ግን ይታዘበዋል። በዚህ ብርሃን የካሜራው የስሜት መጠን ማለትም አይ.ኤስ.ኦ 1600 ላይ ቢደረግ፣ በኤፍ 5.6 የተከፈተው ሌንስ አንድ ሃያኛ ሰከንድ ያህል መጠበቅ ይኖርበታል። ሕፃን በአንድ ሃያኛ ሰከንድ ብዙ ርቀት ይሄዳል። በኤፍ 1.8 ግን ያው ምስል በአንድ ሁለት መቶኛ ሰከንድ አካባቢ ይነሣል፤ የሚስቅ ልጅ፣ ከጀበና የሚወርድ ቡና፣ በእልልታ የተከፈተ አፍ ሁሉ በዚህ ፍጥነት ተለይተው ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ስልኩን አውጥቶ «ይህም እኮ ኤፍ 1.8 ይላል» ሊል ይችላል። ትክክል ነው፤ ብዙ ስልኮች እንዲህ ይላሉ። ነገር ግን የስልክ ዋና ካሜራ እውነተኛ የትኩረት ርቀቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የብርሃን መግቢያው ስፋት ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ስልክ ጉድለቱን የሚያካክሰው በስሌት ነው፦ በቅጽበት ብዙ ምስሎችን ያነሣል፣ ይደራርባቸዋል፣ ያለሰልሳቸዋል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ያስደንቃል፤ አንዳንዴ ግን የአያትን የፊት መሥመሮች ከነዕድሜያቸው ጠራርጎ ያጠፋል። ከዚህም ሌላ የስልኩ ዋና ካሜራ ሰፊ እይታ ስላለው ፊትን ለመሙላት በጣም መጠጋት ያስፈልጋል፤ ከቅርብ የታየ ፊት ደግሞ አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሃምሳውን የያዘ ሰው አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ስለሚያነሣ ፊት በቤተሰብ ዓይን እንደሚታወቀው ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ ይህን ያህል የሚሠራ ነገር ለምን ረከሰ? መልሱ በታሪኩ ውስጥ ነው። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1817 ለቴሌስኮፕ የሚሆን ባለ ሁለት መስታወት ሌንስ ነደፈ። አሜሪካዊው አልቫን ክላርክ በ1888 የጋውስን ጥንድ ፊትና ኋላ አድርጎ አጋጠመው፤ በ1896 ደግሞ የዛይስ ኩባንያ ሊቅ ፓውል ሩዶልፍ ንድፉን አሻሽሎ «ፕላናር» የተባለውን ስድስት መስታወት ያለው ሌንስ ሠራ። ፕላናር ጥርት ያለ ምስል ቢሰጥም አንድ ነቀርሳ ነበረበት፦ ከአየር ጋር የሚገናኙ ስምንት የመስታወት ገጾች ነበሩት። እያንዳንዱ ገጽ ከሚያገኘው ብርሃን 4 ከመቶ ያህሉን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ከሩብ በላይ የሆነው ብርሃን ምስሉ ላይ ሳይደርስ ይባክናል፤ ከፊሉም በሌንሱ ውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ያደበዝዛል። ስለዚህ ንድፉ ለአሥርተ ዓመታት ከኋላ ቀረ። ያነሣው አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 በዛይስ የፈለሰፈው፣ በመስታወት ላይ የሚቀባ እጅግ ስስ የጸረ ነጸብራቅ ሽፋን ነው። ሌንስ ወደ መብራት ዘንበል ሲል የሚታየው ወይን ጠጅና አረንጓዴ ቀለም የዚያ ግኝት ልጅ ነው።

የዛሬዎቹ ርካሽ ሃምሳዎች በአብዛኛው የዚሁ ንድፍ ዘሮች ናቸው፤ የካኖን ሃምሳም እንደ ፕላናር ስድስት መስታወት ብቻ ነው ያለው። 50 ሚሊ ሜትር ከካሜራው የሰውነት ጥልቀት ጋር ስለሚስማማ፣ ሰፊ እይታ ያላቸው ሌንሶች የሚጠይቁት የተወሳሰበ መላ አያስፈልገውም። የምርምሩ ወጪ ከተከፈለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የሚመረተውም በብዛት ነው። ገዢው በዋጋ ቅናሹ የሚያጣው ኦፕቲክሱን ሳይሆን ብረቱን ነው፤ አካሉ ፕላስቲክ፣ ሞተሩም በአሮጌዎቹ ላይ ጩኸታም ነው።

ዙም አለመኖሩ እንደ ጉድለት ቢቆጠርም የዴንቨር የፎቶግራፍ ታሪክ ራሱ ያለ ዙም የተጻፈ ነው። በ1873 የኮሎራዶን የቅዱስ መስቀል ተራራ በመስታወት ሰሌዳ ያነሣውና በ1879 ስቱዲዮውን ወደ ዴንቨር ያዛወረው ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን ከቋሚ ሌንስ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ለ35 ሚሊ ሜትር የፎቶ ካሜራ የመጀመሪያው ዙም ሌንስ የወጣው በ1959 ነው። ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲየ ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ሃምሳ እንደ ሠራ ይታወቃል።

ለዕለት ተዕለት ፎቶግራፍ ግን ከጃክሰን ይልቅ የሚቀርበው ሮበርት አዳምስ ነው። አዳምስ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ዴንቨር አካባቢ የመጣ፣ በኮሎራዶ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ነው። በ1963 አንድ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ገዛና ፎቶ ማንሣት ጀመረ። ጎብኚ ሁሉ ካሜራውን ወደ ሮኪ ተራሮች ሲያዞር እርሱ ያነሣው አዲስ የተሠሩ ተመሳሳይ ቤቶችን፣ የመኪና ማቆሚያዎችን፣ የገበያ አዳራሾችን፣ በመስኮት የምትታይ ሴትን ነው። «ዘ ኒው ዌስት» የተባለው መጽሐፉ በ1974፣ የዴንቨርና የአካባቢዋ ጥናት የሆነው «ዴንቨር» ደግሞ በ1977 ታተሙ። ያኔ ባዶና ተራ ይመስሉ የነበሩት ሥፍራዎች ዛሬ ሰው የሞላባቸው ሠፈሮች ናቸው፤ ከነዚህም ኢትዮጵያውያን የሚበዙባቸው አሉ። በምሥራቅ ኮልፋክስና በሃቫና ጎዳናዎች ላይ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ የእንጀራ ቤትና የሸቀጥ መደብር ማስታወቂያዎችን የሚያይ ሰው፣ አዳምስ ካሜራውን የሚያዞረው ወዴት እንደነበር መገመት አይከብደውም። ከጎዳናው ማዶ ቆሞ በቋሚ ሌንስ ማንሣት የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ማዕቀፉ ስለማይለወጥ ሰውየው ቦታውን ይለውጣል፣ እየቆየም ካሜራውን ሳያነሣ ምን እንደሚገባለት በዓይኑ ብቻ ያውቃል።

ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሃምሳው «የተለመደ» እይታ የሚሰጠው የሴንሰሩ መጠን እንደ ጥንቱ ፊልም 24 በ36 ሚሊ ሜትር በሆነ ካሜራ ላይ ነው። በአብዛኛው ቤተሰብ እጅ ያሉት ካሜራዎች ግን አነስ ያለ ሴንሰር ስላላቸው ሃምሳው በእነርሱ ላይ የ75 ወይም የ80 ሚሊ ሜትር ያህል ጠባብ እይታ ይኖረዋል። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ነው። በኦሮራ አፓርታማ ሳሎን ውስጥ ስምንት ሰው በገበታ ዙሪያ ለማንሣት ግን ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎም አይበቃም። እንዲህ ላለው ካሜራ የሚሻለው 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኒኮን 35 ኤፍ 1.8 ለዚሁ ሲባል በ2009 በ200 ዶላር ገደማ ወጥቷል። የካኖን 24 ሚሊ ሜትርም ርካሽና ቀጭን ነው፤ የሚከፈተው ግን እስከ ኤፍ 2.8 ብቻ ነው።

ብርሃን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ብርሃኑ በማን ፊት ላይ ተለካ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የካናዳዋ ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ የኮዳክ ፊልም ቀለም ለረጅም ዘመን የሚስተካከለው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ መነሻነት ነበር። በዚያ ልክ የተሠራ ፊልም የጠይምና የጥቁር ሰው ፊትን ዝርዝር ይውጠው ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው በሚነሡበት የትምህርት ቤት ፎቶ ላይ የጥቁሮቹ ልጆች ጥርስና ዓይን ብቻ ይታይ እንደነበር ወላጆች አማርረዋል። ኩባንያው ቡናማ ቀለሞችን ወደ ማሻሻሉ እንዲያዘነብል ከገፋፉት መካከል የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ቅሬታ ይገኝበታል፤ የሰው ፊት ሳይሆን ቸኮሌት ቀድሞ መሰማቱ የሚያሳዝን ታሪክ ነው።

ዲጂታል ካሜራ ከሸርሊ ነፃ ቢሆንም የራሱ ግምት አለው። የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይወስዳል፤ ይኸውም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 ከመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር ማለት ነው። አሁን ጥር 11 ቀን በዴንቨር በረዶ ወርዶ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆመዋል እንበል። አዲስ በረዶና ንጹሕ ነጠላ ከሚያርፍባቸው ብርሃን 80 ከመቶና ከዚያ በላይ ይመልሳሉ። ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ በረዶው ግራጫ፣ ነጠላው አመድ፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ጥላ ይሆናል። መፍትሔው በካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ ብርሃን መጨመር ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ካሜራው ከነጭ ልብሱ ሳይሆን ከፊት ላይ እንዲለካ ማድረግ፣ ምስሉንም ያልተቀነባበረ የካሜራ ፋይል በሆነው «ሮው» ማስቀመጥ ነው፤ የነጠላው ጥለትና የፊት ገጽታ በአንድ ምስል አብረው የሚድኑት ያኔ ነው። የዴንቨርና የኦሮራ የጥምቀትና የገና ፎቶዎች ብዙዎቹ የሚጨልሙት በዚህ ስሌት እንጂ በካሜራው ርካሽነት አይደለም።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ሰፊ መግቢያ ያለው ሌንስ ሌላ ጥቅም አለው፤ ፍላሽ አያስፈልገውም። በሻማና በጧፍ ብርሃን ማኅሌት ላይ የቆሙ ካህናትን ዓይን ሳያበሩና ጸሎት ሳይረብሹ ማንሣት ይቻላል። ፈቃድ መጠየቅ ግን ከሌንስ በፊት የሚቀድም ነው።

ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ በመሆኗ «የአንድ ማይል ከፍታ ከተማ» ተብላ ትኮራለች፤ አዲስ አበባ ከእርሷ ከ700 ሜትር በላይ እንደምትበልጥ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ፈገግ የሚያሰኝ ኩራት ነው። በዚህ ከፍታ ከአየሩ ስድስተኛው ያህል ከታች ስለቀረ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ፣ ብርሃን ተበትኖ ወደ ጥላዎች የሚገባው በትንሹ ነው፤ ስለዚህ ጥላው ጥቁር፣ ብርሃኑ ስለታም ይሆናል። በቀትር ከዓይን በታች የሚወድቀው ጥላ ሰውን ያስረጃል። ከዚህ የሚሻለው ሰውን ወደ ሕንፃ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ አስገብቶ ፊቱን ወደ ክፍቱ ሰማይ ማዞር ነው። ዴንቨር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እህት ከተማ ናት፤ በአክሱም ስም የተሰየመ መናፈሻም አላት። ከእንዲህ ያለ መናፈሻ ዛፎች ሥር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት፣ ርካሹ ሃምሳ ከውዶቹ ሌንሶች የሚለይበትን ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጉድለቶቹ ግን መነገር አለባቸው። በኤፍ 1.8 ተከፍቶ ከአንድ ሜትር ርቀት ሲነሣ፣ በትልቅ ሴንሰር ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ትኩረቱ በአፍንጫ ላይ ካረፈ ዓይን ይደበዝዛል። ለሁለት ሰው ኤፍ 2.8፣ ለቡድን ኤፍ 4 ወይም 5.6 ይሻላል፤ ሌንሱም ራሱ ጥቂት ሲዘጋ ይበልጥ ይጠራል፣ የማዕዘኖቹም ጨለማ ይቀንሳል። ብዙዎቹ ርካሽ ሃምሳዎች የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የላቸውም። ያገለገለ የሚገዛ ሰው መስታወቱን ወደ መብራት አንሥቶ ሻጋታና ጭረት እንደሌለበት ይመልከት፤ ሞተሩንም አስጩሆ ይፈትን።

የዕለት ፎቶግራፍ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ዴንቨር ውስጥ ማስረጃው አለ። በርኒስ ማክላውድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የከተማዋን ጥቁር ማኅበረሰብ ሠርግ፣ ስብሰባና የቤተሰብ ገጽታ ሲያነሣ ኖረ፤ ዛሬ ያ ስብስብ በዴንቨር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የታሪክ ተመራማሪ የሚያየው ሰነድ ነው። በአዲስ አበባም «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው ሥራ ከነዋሪዎች የቤተሰብ አልበም የተሰበሰቡ ፎቶዎችን በመጽሐፍ አሳትሟል፤ በደስታ ቀን ተነሥተው በመሳቢያ ውስጥ የቆዩ ምስሎች የከተማይቱ ታሪክ ሆነዋል። በኮሎራዶ ያደገ የመጀመሪያው ትውልድ የልጅነቱን ሳሎን፣ የአያቱን እጅና የእናቱን ረከቦት የሚፈልግበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ዲጂታል ፎቶ በውስጡ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የሌንሱን ስፋትና የመዝጊያውን ፍጥነት ራሱ ይመዘግባል። የሰዎቹን ስም ግን አይመዘግብም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ስለሆነ፣ የዛሬ ስልኮችና የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሞች የመግለጫ ቦታቸው ላይ በአማርኛ ይቀበላሉ፦ የማን ቤት እንደሆነ፣ በየትኛው ጎዳና፣ ከግራ ወደ ቀኝ እነማን እንደተቀመጡ፣ ጀበናውን ከአገር ቤት ማን እንዳመጣው።